የቀበሌው የአበባ ጉድጓድ

ጓድ ከፈለ አበባዬን እያየ ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ፣ ነገር እንደ መጣብን ገባኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሰው ግቢ ገብቶ ደስ የሚለው ነገር ካየ፣ ያ ነገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው።

ዘመኑ ሰባ ሰባት፣ ወሩ የካቲት ነበር። በየካቲት ጅማ ትታፈናለች፤ ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ውስጥ ያለ ቅጠል ሁሉ ቀይ አቧራ ለብሶ ዝናብ ይጠብቃል። የእኔ ጓሮ ግን ለብቻው ክረምት ነበር። ከዋንዛው ሥር፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ፍንጥቅጣቂዋ ብቻ በሚገባበት ቦታ ትሩምባ አበባዬ ነጭ በነጭ ሆኖ ቆሟል። አፉ እንደ ትሩምባ የተከፈተ፣ አንገቱ መለል ያለ፣ ቅጠሉ ሰፊ አበባ ነው። ጥላ ይወዳል። እግሩ ውኃ ውስጥ ካልሆነ ያኮርፋል። እንደ ፍላጎቱ ከያዙት ግን ዘር አያስቸግር፣ በየዓመቱ ከዚያው ከሥሩ እየተነሣ ይኖራል። የመጀመሪያውን ሥር ጎረቤቴ ለጢፋ ናት ከቤቷ ፍሳሽ ዳር ነቅላ የሰጠችኝ። ውኃ አጠጪያትና ተያት፣ ወላሂ እንደ አማት ቤቱን ሁሉ ትወርስብሻለች ብላኝ ነበር።

እኔ ግን መሬት ላይ አልተከልኩትም። በዘይት ቆርቆሮ ነው ያሳደግሁት። የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር እበሳለሁ፤ የበሰበሰ የቡና ገለባ ከጥቁር አፈር ጋር ደባልቄ እሞላለሁ፤ ሥሩን ከፍዬ እቀብረዋለሁ። ከዚያ ውኃ ውስጥ በቆመ የእንጨት ቆጥ ላይ እደረድረዋለሁ፣ ውኃው ከቆርቆሮው አፍ ትንሽ ዝቅ እንዲል አድርጌ። ቅጠሉ ሲሰፋ ቆርቆሮውም፣ ቆጡም፣ ውኃውም አይታይም። ላየው ሰው ረግረግ ላይ የበቀለ የአበባ መደብ ነው። ከቅጠሉ ሥር የሰው ደረት የሚደርስ ጉድጓድ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጉድጓዱ ለአበባው አልተቆፈረም። እኛ ከከምባታ የመጣን የወንጌል አማኞች ነን፤ ሰፈሩ ጴንጤ ነው የሚለን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ የምንጸልየው በየቤቱ ተደብቀን ነበር። መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመራል፣ ጸሎትም በልብ ይጸለያል፤ ጥምቀት ግን በልብ አይሆንም። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ አውቆ፣ መላ ሰውነቱ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ደግሞ ልብስ አጣቢና አብዮት ጠባቂ አይጠፋም። ስለዚህ ባለቤቴ አልዓዛር ጓሯችን ካለችው ምንጭ አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረ፣ እኔም ላዩን በአበባ ሸፈንኩት። የጥምቀት ቀን ቆጡን ከነአበባው እናነሣለን፤ ሲያበቃ መልሰን እንገጥመዋለን። ሰባኪያችን አቶ ሰብስቤ ከታሰሩ በኋላ የሚያጠምቀውም አልዓዛር ራሱ ነበር።

አልዓዛር የማይዋሽ ሰው ነው። ይህ ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል፤ አብሮ ለኖረ ግን ፈተና ነው። ሲጠይቁት ወይ እውነቱን ይናገራል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ስንት ጊዜ ቀበሌ አስጠርቶናል። ሥርዓት ላይ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ሥርዓታችን ተጠማቂ በሰው ፊት ቆሞ እምነቱን በገዛ አፉ ጮክ ብሎ ይመስክር ይላል። አንድ ልጃችን አሞጽ ጎርመስ ሲል ከሌሎች ጋር ለመጠመቅ ተሰለፈ። ልጄ ዓይን አፋር ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ምላሱ ይታሰራል። ሁሉም መስክሮ ተራው ሲደርስ ላቡ ጠብ ጠብ አለ እንጂ ቃል አልወጣውም። አባቱ ጠበቀው፣ ጠበቀውና "ሌላ ቀን" ብሎ ከጉድጓዱ አፋፍ ደረቁን መለሰው። ያውም ሰው ሁሉ እያየ። ማታ ቤት ስንገባ ጮኽኩበት። ልጁ እንደሚያምን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ታዲያ ለማን ነው የሚጮኸው አልኩት።

"ለራሱ" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ጓድ ከፈለ የመጣው ለጽዳት ቁጥጥር ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሞዴል ቀበሌዎችን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ከተነገረው ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል ይባላል። አበባውን ካየ በኋላ ሌላ ነገር አላየም። በነጋታው ሰዎቹን ይዞ ተመልሶ መጣና አበባው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት እንዲተከል መወሰኑን ነገረን። ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ቆጡም ተነሣ፤ ጥቁሩ ውኃ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከሰዎቹ አንዱ ዘንጉን ሰደደበትና ሊዋጥበት ምንም አልቀረው። ጓድ ከፈለ ወደ እኛ ዞሮ ለአበባ ይህ ሁሉ ጥልቀት ምን ያደርጋል ሲል ጠየቀ።

አልዓዛር አጠገቤ ቆሟል። እሱ አፉን ቢከፍት አለቀልን፤ ስለዚህ ቀደምኩት። ሥሩ ብርድ ይወዳል፣ ላይ ላዩን ያለ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፣ ጥልቅ ውኃ ግን ከሥር ይቀዘቅዛል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እንኳን ደረት የሚደርስ ቀርቶ ቁርጭምጭሚት የሚያረጥብ ውኃ ለዚያ አበባ ይበቃዋል። ጓድ ከፈለ ግን አምኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐሳቡ ከቆርቆሮዎቹ ጋር ሄዷል። የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ብሎ ጉድጓዱ በዚያው ቀን በአፈር እንዲደፈን አዘዘ። የደፈንነው እኛው ራሳችን ነን።

አበባውን ጠጠር ላይ፣ ነጭ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች መሀል፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ በምትወርድበት ቦታ ከነቆርቆሮው ደረደሩት። ጥላና ውኃ ካላገኘ ይሞታል ብዬ ሄጄ ነገርኩት። ጓድ ከፈለ ሳቀና አብዮታዊ አበባ ፀሐይ አይፈራም አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ አበባው አንገቱን ደፋ፣ ቅጠሉም ጠርዝ ጠርዙን እየተበላ ቡና መሰለ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አበባው የሞተው ፀሐይ መትቶት አይደለም፣ በአሻጥር ነው ተባለ። ጴንጤዎቹ ሥሩን መርዘው ነው ያስረከቡን ተባለ። የቤት አባወራ ነውና አልዓዛርን ከቤት ወሰዱት፤ ከአዳራሹ ጎን ባለችው፣ ድሮ የጸሎት ቤታችን ወንበር የሚቀመጥባት በነበረችው ክፍል አሰሩት።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን አሞጽን ለብሔራዊ ውትድርና ያዙት። ከኸርማታ መርካቶ ሲመለስ ነው መንገድ ላይ ያገኙት። ከሌሎች ልጆች ጋር አዳራሹ ውስጥ አስገቧቸውና መኪና እስኪመጣ በር ተዘጋባቸው። አባት በአንዱ ግድግዳ ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ። ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አልነገረንም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ እሳቱ።

እምነታችን ሰውን የሚያድነው ውኃው አይደለም ይላል። እሱን አልዓዛር ከሚነግረኝ በፊትም አውቀዋለሁ። የእናት ሆድ ግን እንዲህ ያለ ትምህርት አይገባውም። ልጄ ከጉድጓድ አፋፍ ደረቁን ተመልሶ፣ በአባቱ አፍ "ሌላ ቀን" ተብሎ፣ ያ ሌላ ቀን ሳይመጣለት ሊሄድብኝ ነው። አንድ ጥይት ቢያገኘውስ? ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ምግብ አይወርድልኝም፣ መቀመጥ አልችልም፣ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ጠላቴ ይሆናል። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ አጥማቂው ታስሯል፤ ልጁ በጠመንጃ ይጠበቃል።

አንድ ጠዋት ስንቅ ይዤ ስሄድ ጓድ ከፈለን ከደረቁት አበቦች ፊት ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ከአበባው ብሶ ጠውልጓል። ባለሥልጣኑ ሊመጣ ነው፣ ስለ አበባው ደግሞ ለበላዮቹ አስቀድሞ አውርቷል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ቆርቆሮ በጣቴ ቆፈርኩት። ሥሩ ጠንካራ ነው፣ አልሞተም። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

ሥሩ በሕይወት እንዳለ ነገርኩት። ጥላና ጥልቅ ውኃ ካገኘ ባለሥልጣኑ ሳይመጣ ይነሣል አልኩት። ከአዳራሹ ጀርባ ትልቅ ዋንዛ አለ፣ ከተራራው የሚወርደው ቦይም በዚያው ያልፋል፤ የጎደለው ጉድጓድ ብቻ ነው። ማን ይቆፍረዋል ሲለኝ፣ አዳራሹ ውስጥ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ጎረምሶች አሉልዎ አልኩት። የጉድጓዱን ልክ ደግሞ በእጄ ደረቴ ላይ አሳየሁት።

አይኑን አጥብቦ አየኝ። ሞኝ ሰው አልነበረም። ዋቅጅራ የሚባለውን አብዮት ጠባቂ ጠራና ባሌን እንዲያመጣው አዘዘው። የአልዓዛርን ጠባይ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ ሲያሾፉበትም ጴንጤ አይዋሽም ይሉታል። አልዓዛር ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ብርሃኑ አይኑን እየወጋው ወጣ።

"ሚስትህ ይህ አበባ ደረት የሚደርስ የውኃ ጉድጓድ ይፈልጋል ትላለች" አለው ጓድ ከፈለ። "እውነቷን ነው?"

አልዓዛር መጀመሪያ አበባዎቹን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከአዳራሹ ውስጥ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። አትናገር ይሆን፣ ተናገር ይሆን፣ ምን ብዬ እንደምጸልይለት ጠፋኝ።

"እኛ ቤት የነበረው ጉድጓድ ደረት ይደርስ ነበር" አለ በመጨረሻ። "አበባውም እዚያ ውስጥ ደህና አድርጎ ኖሯል።"

ቃል በቃል እውነት ነው። ጓድ ከፈለ ጠቅላላ ነገሩ እንደ ተመሰከረለት ቆጥሮ በዚያው ሰዓት ቁፋሮው እንዲጀመር አዘዘ። ለበላዮቹም "በእኔ አመራር የውኃ አበባ ገንዳ እየተሠራ ነው" ብሎ ስልክ መታ። እኔ ቆሜ ስሰማው ነበር።

ልጆቹን አወጧቸውና መቆፈር ጀመሩ። አሞጽ ከነሱ መሀል ነበር። ሸሚዙን አውልቆ ዶማውን ሲያነሣ አየሁትና፣ ምን እንደሚቆፍር የገባው አልመሰለኝም። ገብቶት ኖሯል። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጥልቀቱን ለመለካት ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። አፈሩ እስከ ወገቡ ደርሷል። ገና ነው ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

ለአልዓዛር ስንቁን ሳቀብለው ዋቅጅራ አጠገባችን ቆሞ ነበር። በከምባትኛ እንዳናወራ ተከልክለናል። ስለዚህ በአማርኛ፣ ስለ አበባ እንደሚያወራ ሰው፣ ጉድጓዱ ልክ እንደ ቤታችን ሊሆን ነው፣ ነገ ረፋድ ላይ ቆጡ ይገባል፣ የልጆቹም መኪና ነገ ይመጣል ተብሏል አልኩት። ቆጡን ውኃው ውስጥ የሚያቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ከሁለቱ አንዱ አንተ ነህ፣ ቆጡን የምታውቀው አንተ ስለሆንክ ጓድ ከፈለ ፈቅዷል፣ ሌላው አሞጽ እንዲሆን አደርጋለሁ አልኩት። አልዓዛር ቆጮውን ቆርሶ ያዘና አልጎረሰውም። ሁሉም ገብቶታል።

"ይናገራል?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። እዚህ ድረስ! በጠመንጃ አፍ ፊት እንኳ ሥርዓቱን የሚለቅ ሰው አይደለም። ልጁ ጎንበስ ሲል ራሱን ገፋ አድርጎ ውኃው ውስጥ ማስገባት፣ ከንፈር ሳይነቃነቅ የጌታን ስም መጥራት፣ አለቀ፤ ማን ያያል? ይህንንም በአበባው ቋንቋ ነበር የነገርኩት፤ ቆጡን ስታስገባ ድምፅ እንዳታሰማ፣ አበባው ይደነግጣል አልኩት። ዋቅጅራ ፈገግ አለ። አልዓዛር ግን ፈገግ አላለም። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለኝ። የዚያ ሰው ሚስት ሆኜ ዝምታውን መተርጎም አያቅተኝም፤ እንቢ ማለቱ ነበር።

በማግሥቱ ቦዩ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጉድጓዱ ሞልቶ ጠበቀን። ዋንዛው ጥላውን ጥሎበታል። ከአፋፉ ጓድ ከፈለ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል፤ ዋቅጅራ ጠመንጃውን አንግቷል፤ ልጆቹ ቆርቆሮ ይዘው ተሰልፈዋል። ለጢፋም መጥታ አጠገቤ ቆማለች፤ ምንም ሳልነግራት ነገር እንዳለ አውቃለች፣ እጄን ይዛኝ ነበር። አልዓዛር ሸሚዙን እንደ ለበሰ ገባ። ውኃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ቆጡን ለብቻው ሊያቆመው ሲታገል፣ አሞጽ ይርዳው፣ ቤት የለመደው እሱ ነው አልኩ። ጓድ ከፈለ ሰዓቱን አየና ቶሎ ይግባ አለ።

ልጄ ገባ። ሁለቱ ሆነው የቆጡን እግር ጭቃው ውስጥ ተከሉት። ቆርቆሮ በቆርቆሮ እየተቀባበሉ ደረደሩ። ውኃው እንደገና ሥሩን ሲያገኘው አበባው በዚያው ቀና ያለ መሰለኝ፤ ወይ አይኔ ነው። ቆርቆሮው እያለቀ መጣ። አልዓዛር ገና አልነካውም። አሁን፣ አሁን እላለሁ በሆዴ። አሁን ጎንበስ ብሏል፣ አሁን ግፋው። አሁን ጓድ ከፈለ ወዲያ ዞሯል። አልገፋውም። አንድ ቆርቆሮ ሲቀር አሞጽ ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ አልዓዛር ያንን እጅ ያዘው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልጁንም አቆመው። ከዚያ በዚያ በለመድኩት፣ በጸሎት ቤታችን መድረክ ላይ በምሰማው ድምፅ፣ ጮክ ብሎ ጠየቀው።

"አሞጽ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታህና አዳኝህ እንደ ሆነ ታምናለህ?"

የቆርቆሮው ሰልፍ ባለበት ደረቀ። ጓድ ከፈለ ቀስ ብሎ ዞረ። ዋቅጅራ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በዚያች ቅጽበት ባሌን ጠላሁት፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ ጠላሁት። ልጄ ከዚህ ወጥቶ የሚሄደው እነዚህ ሰዎች እጅ ውስጥ ነው። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ከመጀመሪያው ቀን ምልክት ይደረግበታል፤ ጴንጤ ተብሎ ከፊት ይሰለፋል። ዝም በል ልጄ፣ አልኩ በሆዴ፤ እንደዚያን ቀን ምላስህ ይታሰር። ወዲያው ደግሞ ዝም ካለ ደረቁን እንደሚወጣ ታሰበኝና ተናገር አልኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ ጸለይኩ። እግዚአብሔር የትኛውን ይስማ?

አሞጽ ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ተመልሶ ገጠመ። ላቡ እንደዚያን ቀን ግንባሩ ላይ ወጣ። ጓድ ከፈለን አየው። ጠመንጃውን አየው። ከዚያ ሁሉንም ትቶ አባቱን ብቻ አየ።

"አምናለሁ" አለ።

ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እኔ ከወለድኩት ጀምሮ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ፣ አዳራሹ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ቀጠለ። "ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም። ከማን ጋር እንደምሄድ ግን አውቃለሁ። አምናለሁ።"

አልዓዛር አንድ እጁን ልጁ ጀርባ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አለና አሰጠመው። ውኃው በላዩ ተዘጋ። የአበባው ቅጠሎች ግራና ቀኝ ተንቀሳቀሱ። ልጄ ሲወጣ ውኃው ተረጭቶ የጓድ ከፈለን ጫማ አረጠበው። ለጢፋ እጄን ከመያዝ አልፋ ጨምቃው ኖሮ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ማል ጎና?" አለ ዋቅጅራ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። ጣቱ ጠመንጃው ላይ ነበር።

የጓድ ከፈለ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። አባትና ልጅን አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤ በዙሪያው የተቆለለውን አፈር አየ። በሆዱ ያለው ጽፎ ያስነበበኝ ያህል ገባኝ። እነዚህን ሰዎች ይዞ ለበላዮቹ ቢያቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ ጉድጓዱን ማን አስቆፈረ የሚል ነው። በማን ጉልበት? በማን አመራር? ስልኩን የመታው እሱ ራሱ ነው። በዚያ ዘመን ለጴንጤ ማጥመቂያ በአብዮት ጉልበት ያስቆፈረ ሊቀመንበር ከኛ በፊት ነበር ወኅኒ የሚገባው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ አበባው ይኸው ወስዶት ኖሯል።

"አንድ ቆርቆሮ ቀርቷል" አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ። "አስገቡት።"

አስገቡት። አልዓዛርን መልሰው ክፍሉ ውስጥ ቆለፉበት። በኋላ፣ አበባው ተነሥቶ ባለሥልጣኑም መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ያለ አንዳች ቃል ፈቱት። ባለሥልጣኑ ከመኪናው አልወረደም ነበር፤ አበባውንም አላየውም። አልዓዛር ቤት ሲገባ ያልተናገርኩትን ሁሉ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳየው ግን ምግብ አቀረብኩለት።

ያን የጥምቀት ቀን መኪናው የደረሰው ልጆቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው። አሞጽ ከሱሪው ውኃ ይንጠፈጠፋል፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ቤታችን ቅርብ ነው፣ ደረቅ ልብስ ላምጣለት፣ ሮጬ እመለሳለሁ ብዬ ዋቅጅራን ለመንኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ መኪናው አይጠብቅም አለኝ። ልጄ እንደ ረጠበ መኪናው ላይ ወጣ። ሌሎቹ ልጆች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት። መኪናው ሲነሣ፣ ሰው ፊት ምላሱ የሚታሰረው ልጄ፣ በዚያ ሁሉ የለቅሶ ጩኸት መሀል በእጁ አፉን ከልሎ ጮኸ።

"እማዬ፣ አባዬን እንዳትቆጪው።"

መኪናው ወደ አዲስ አበባ መውጫ ታጠፈ። እኔም አቧራው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጢፋ ጥይቱን የፈራሁ መስሏት አይዞሽ፣ አላህ ይጠብቀዋል ትለኛለች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጥይት አልታሰበኝም። ልብሱ ረጥቧል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መኪናው ላይ ነፋስ አለ። ልጄን ብርድ ይመታብኛል ብዬ ነው ያለቀስኩት።